አንድ ሰው፣ አንድ ፌስታል

የሐይቅ ልጆች፣ የውጫሌ ልጆች፣ የቢስቲማና የመርሳ ልጆች! ተውኔት ጽፋችሁ ሣጥን ውስጥ የቆለፋችሁም፣ የቴአትር ቤት ደጃፍ ረግጣችሁ የማታውቁም፣ የያዛችሁትን አስቀምጡና ስሙኝ። «እያዩ ፈንገስ»ን ያላየ ሰው ከመካከላችሁ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። አልቆጣውም፣ እቀናበታለሁ እንጂ። ገና ሊያየው ነዋ! እኔ እኮ አንዴ አይቼዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የማየቱ ዕድል አምልጦኛል።

በረከት በላይነህ የጻፈው፣ ግሩም ዘነበ የሚጫወተው የአንድ ሰው ቴአትር ነው። «ፌስታሌን» በሚለው ስሙም ይታወቃል። ያየሁት አዲስ አበባ፣ አለም ሲኒማ ነው። እያዩ የሚባል አንድ እብድ ፌስታሉን ይዞ ፊታችን ይቆምና ይናገራል። በቃ! ንጉሥ የለ፣ ጋሻ ጃግሬ የለ፣ ሶፋ የለ፣ በር እያንኳኳ የሚገባ ጎረቤት የለ፣ በመጨረሻ ዕርቅ የሚያወርድ ሽማግሌ የለ። ወላሂ፣ ኧረ በቅዱስ እስጢፋኖስ (ሁለቱንም እምላለሁ፤ ወሎዬ ነኝ)፣ እንደዚያ የሞላ መድረክ አይቼ አላውቅም። እንዴት እንደሚጀምር አልነግራችሁም፤ እንዴት እንደሚያልቅማ ጭራሽ።

ለምን እንዲህ እንደተንጨረጨርሁ ግን ላስረዳ። ተውኔት የሚጽፍ ሰው የሚያውቃት አንዲት ጭንቀት አለች። ሁለት ሰው መድረክ ላይ ካወጣህ ጠብ ማንሳት ቀላል ነው። አንዱ «ና» ይላል፣ ሌላው «አልመጣም» ይላል፣ ታሪኩም በራሱ እግር ይሄዳል። ሰውዬውን ብቻውን ስታቆመውስ? ከማን ጋር ይጣላ? ማን ያቋርጠው? ማን ይዋሸው? አብዛኞቻችን እዚህ ስንደርስ ተሸንፈን ስልክ እናስደውልለታለን፤ «አቤት እማዬ፣ ምን አልሽ?» እያለ ለተመልካች የማይሰማ ድምፅ ሲመልስ ያመሻል። ያቺን የስልክ ዘዴ ስንቴ እንደተጠቀምኩባት ብትሰሙ ታፍሩብኛላችሁ። በረከት ግን ስልክም፣ ሕልምም፣ መንፈስም አላስፈለገውም። የእያዩ ጠብ ከእኛ ጋር ነው። ወንበራችን ላይ ተደላድለን የተቀመጥነው ሰዎች ሳናውቀው ሁለተኛው ገጸ ባሕርይ ሆነን እናርፈዋለን። ሳቃችን መልስ ነው፣ ዝምታችን መልስ ነው፣ ከኋላ ወንበር የሚሰማው «እውነቱን ነው!» የሚለው ድምፅም ተውኔቱ ውስጥ የተጻፈ ይመስላል። ፖለቲካውን፣ ታሪኩን፣ የኑሮ ልማዳችንን እያገላበጠ ያስቃችሁና፣ ሳቁ ገና ጉሮሯችሁ ላይ እያለ ቁም ነገሩ ከኋላ መጥቶ ማጅራታችሁን ይይዛችኋል።

ግሩምማ! በፊልም ፊቱን የለመድነው ሰው ነው። እዚህ ግን የሚያቀባብለው ባልደረባ የለ፣ ቃል ቢጠፋው የሚሸፍንለት የለ፣ ላቡን የሚጠርግበት ትዕይንት መቀያየሪያ የለ። በመድረክ ሙያ ውስጥ ላላችሁ ይኸ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያሻም። ለሌሎቻችሁ ግን እንዲህ ልበል፤ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ፣ እናንተ ስልካችሁን ማየት ከረሳችሁ፣ ያ ሰው ሊቅ ነው።

አበው «እብድና ዘመናይ የልቡን ይናገራል» ያሉት ተውኔት እያሰቡ ባይሆንም ለእኛ ሙያ የተተወ ውርስ ነው። የአማርኛ ቴአትር ሲወለድም እውነቱን እንዲናገር የተላከው ደኅናው ሰው አልነበረም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ሲጽፉ ከላፎንቴን ተረቶች ተነስተው አውሬዎችን አናገሩ፤ የዘመኑን ሹማምንትም በአውሬ አፍ ገለጧቸው። ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። ያ የአውሬ ቆዳ ነው ዛሬ የእብድ ቡትቶ ሆኖ ግሩም ዘነበ ላይ ያየሁት። እንዲህ ያለ ቡትቶ ደግሞ እኛ አገር በጣም ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በሐይቅም በውጫሌም አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የምናወራውና የምንተወው ነገር ተለይቷል። የምንተወውን ማን ያንሳልን? ሪፖርተር አያነሳውም፣ ስብሰባ አያነሳውም። እብዱ ግን ያነሳዋል፤ «ተውት፣ እብድ ነው» ብለን ልንሰማው እንችላለና።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ከአለም ሲኒማ ወጥቼ ወደ ደሴ በሚመለስ አውቶቡስ ላይ ስቀመጥ ራሴን የያዝኩት «ይኸ እኮ የእኛ ነው!» በሚል ሐሳብ ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዛችሁ ሐይቅ ስትገቡ የቴአትር ቤት ምልክት አታዩም፤ ብቻውን ቆሞ ሕዝብ የሚያስቅና የሚያስለቅስ ሰው ግን ከጥንትም አላጣንም። ንጋት ላይ ደጃፍ ቆሞ ባለቤቱን በስሙ እየጠራ የሚያዜመው ላሊበላ ምንድን ነው? ታዳሚው ገና ከአልጋው አልወረደም፣ መጋረጃው በሩ ነው፣ የመግቢያ ዋጋው ሲያልቅ የሚከፈል እንጀራ ነው። ለቅሶ ላይ ሙሾ አውራጇ? የሟችን ዕድሜ ልክ በጥቂት ስንኝ አስገብታ መቶ ሰው ደረት የምታስደቃ ብቸኛ ተዋናይት ናት። ፍስሐ በላይ ይማም አንዱን ተውኔታቸውን «አልቃሽና ዘፋኝ» ሲሉት የትኛውን ጉድጓድ እንደሚቆፍሩ ያውቁ ነበር። አዝማሪውስ? «ተቀበል!» ሲባል ከተመልካች ግጥም ተቀብሎ ለዚያው ተመልካች አሳምሮ ይመልስለታል። መንዙማውም አውጪና ተቀባይ አለው፤ ተቀባዩ ከሌለ አውጪው ጎዶሎ ነው። በረከት በአዳራሽ ውስጥ ያገኘውን ሁለተኛ ገጸ ባሕርይ እኛ ወሎዎች ከእናታችን ጀርባ ላይ ሆነን ስናጨበጭብ የተለማመድነው ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታንጎራጉር ከእሷ ሌላ ማን አስፈለገ? ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በተራራችን ስም የሚጠራ ሕዝብ «መድረክ የለንም» እያለ ሲያዝን ትንሽ አያፍርም?

ለአክስቴ ከቴአትሩ የተቀነጨበ ቪዲዮ በስልክ አሳየኋት። ዕድሜዋን ሙሉ ቴአትር አላየችም። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋችና፣ ግሩም መናገር ሲጀምር እሷም መመለስ ጀመረች። «ውይ የኔ ልጅ!» ትላለች፤ «ኧረ እንዲያስ አይደለም፣ ቆይ ልንገርህ!» ትላለች፤ ለስልኩ። ሲያልቅ መነጽሯን አውልቃ «ምነው አንድ ቀን አምጥታችሁት ቡና በጠጣ» አለችኝ።

ይኸ የአክስቴ ንግግር ከማንኛውም የሥነ ጽሑፍ ሂስ ይበልጥብኛል፤ አምጡት ነው ያለችው። እስቲ በሒሳብ እንየው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ሁለቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አሥራ አምስት ተዋናይ፣ አልባሳት፣ የመድረክ ዕቃ፣ የመብራት ባለሙያ፣ የሁሉም አልጋና አበል ተደምሮ አንድ ትልቅ ቴአትር ደሴ ድረስ ቢመጣ፣ ወሎ ባህል አምባ አዳራሽ ታይቶ ይመለሳል። ሐይቅ? ውጫሌ? ማን ይሞክረዋል! የአንድ ሰው ቴአትር ግን በሚኒባስ ይመጣል። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሒሳቡን እንደማንኛውም ተሳፋሪ ከፍሎ። የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃዋል፤ እሱ ከሌለ የአንድ ሰው ግቢ።

ይህን መንገድ ከእኛ በፊት የሄዱበት አሉ። በ1981 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፐርሲ ምትዋና ምቦንጌኒ ንጌማ ከአዘጋጁ ባርኒ ሳይመን ጋር ሆነው «ወዛ አልበርት!»ን ሠሩ። ሁለት ተዋናይ ብቻ፤ ክርስቶስ በአፓርታይድ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ቢወርድ ምን ይገጥመው ነበር የሚል ጥያቄ። ነጭ ፖሊስ መሆን ሲፈልጉ ከግማሽ ኳስ የተሠራች ሮዝ አፍንጫ ያጠልቃሉ፤ ሌላው ዕቃቸው የሻይ ሣጥን ነው። ጭቆና የበዛበትም ገንዘብ ያነሰበትም አገር የሚፈጥረው ጥበብ እንዲህ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ሲባረር ተጠቅልሎ ይሄዳል፣ ሲጠራ ተዘርግቶ ይቆማል። ዓለምን ሁሉ ዞረውበታል።

እንዲህ ስል ትልልቆቹን ቴአትሮች የናቅሁ እንዳይመስላችሁ። ጌትነት እንየውን የምንቅበት ምን አፍ አለኝ! እንዲያውም በጌትነት ላይ አንድ የሐይቅ ሰው ብቻ የሚያነሳው ክርክር አለኝ። «የቴዎድሮስ ራዕይ»ን ጻፈ፤ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የወደቀው መቅደላ ላይ ነው፤ መቅደላ ወሎ ነው። «እቴጌ ጣይቱ»ን ጻፈ፤ የጣይቱ ስም ሲነሳ የሚነሳው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይስማ ንጉሥ፣ እዚሁ አምባሰል ውስጥ ነው። ከዘመናችን ታላላቅ የታሪክ ተውኔቶች የሁለቱ እንብርት የተቀበረው በእኛ ተራሮች ላይ ነው፤ እኛ ግን የምናያቸው ወይ አዲስ አበባ ለሕክምና ስንሄድ ነው፣ ወይ ጨርሶ አናያቸውም። ሁለቱንም ካላያችሁ ፈልጋችሁ እዩ! ጌትነት ገጣሚ ነው፣ ተዋናይ ነው፣ አዘጋጅ ነው፤ ስንኙን የሚጽፈው ሊነበብ ሳይሆን ከአፍ ሊወጣ ነው፣ ይህም በጆሮ ይታወቃል። ከተመልካች ወንበር ላይ ሆኜ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ተቆጥሮ እንደተጻፈ ይሰማኛል። በግጥም የሚጻፍ ተውኔት ቀርቷል የሚሉኝን ወጣት ደራስያን ወደ እሱ ነው የምልካቸው። ብቻ እባካችሁ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች፣ የጣይቱን አንዷን ትዕይንት እንኳ፣ ያለ መብራት ያለ ምንጣፍ፣ ይስማ ንጉሥ ሜዳ ላይ አንድ ቀን አሳዩን። ውሉ ሲፈረም አስተርጓሚ የነበሩት ግራዝማች ዮሴፍ ንጉሤ ብቻቸውን ቆመው የሚናገሩበት የአንድ ሰው ተውኔትም ማን ይጻፍልን? በሁለት ቋንቋ መካከል ተቀምጦ ያቺን በሁለቱ ቋንቋ ሁለት ትርጉም የያዘች 17ኛ አንቀጽ ያሳለፈ ሰው ሌሊቱን ምን እያሰበ አደረ? ሐሳቡን በነፃ ሰጥቻለሁ፤ ውሰዱት።

ሌሎችም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። መሳቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው የውድነህ ክፍሌን «ባቢሎን በሳሎን» ይጠይቅ፤ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ዓመታት ሙሉ አልወርድ ያለ ኮሜዲ ነው፤ «ቀላል ነው» ብለው የሚያጣጥሉት ሰዎች አንድ ገጽ ኮሜዲ ጽፈው ያሳዩኝ። ባሕር ማዶ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ አለምፀሐይ ወዳጆ በ2000 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል አለላችሁ፤ መድረክ ከሌለበት መድረክ ማቆም ምን እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። በረዶ አገር ተሰድዶ ቴአትር የቆመ ከሆነ ሐይቅ ዳር እንዳይቆም ምን ይከለክለዋል?

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። «እያዩ ፈንገስ» ከተወደደ ወዲህ ብቻውን መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ የአንድ ሰው ቴአትር የሠራ ይመስለዋል። ቀልድ መደርደርና ተውኔት መጻፍ ለየቅል ናቸው። ቀልደኛው ሳቅ ባገኘ ቁጥር ይረካል፤ ገጸ ባሕርይ ግን የሚፈልገው፣ የሚደብቀው፣ ቢነኩበት የሚጮህበት ነገር ሊኖረው ይገባል። እያዩ የያዘኝ ቀልዱ ስለበዛ አይደለም፤ ቀልዱ ሥር የተቀበረ ሰው ስላለ ነው። ሁለተኛ ቅሬታዬ ደግሞ መድረካችን ላይ የሚያብደው ሁልጊዜ ወንድ መሆኑ ነው። እውነት የመናገር ፈቃድ ያላት፣ ብቻዋን ቆማ የምትቆጣ ሴት የት አለች? አክስቴን አንድ ሰዓት ያዳመጠ ሰው ይህን አይጠይቅም።

እኔ እንግዲህ ጀምሬያለሁ። የሐይቃችንን አፈ ታሪክ ታውቁታላችሁ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልቲቱ ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያዋን ያለውን መሬት ውሃ አደረገው፣ ልዕልቲቱንም ከነወገኖቿ አሰጠማት፣ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደረቅ ቀረች፤ ደሴት ሆነች። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ የእስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱባት ናት። ደሴቲቱ ዛሬ ከየብስ ተገናኝታለች፤ ገዳሙ ግን የወንዶች ነው፣ ሴት አትገባም። እስቲ አስቡት! በታሪኩ ውስጥ እግዚአብሔር ለአንዲት ሴት ብሎ ያተረፋት መሬት ናት፣ ዛሬ ሴት የማትረግጣት። የገዳሙን ሥርዓት ልከራከር አይደለም፤ ሥርዓቱ የአባቶች ነው፣ አከብረዋለሁ። እኔ የምጽፈው ተውኔት ነው፤ ተውኔት ጸሐፊ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ፊቱ ተቀምጦ ሲያገኝ እንቅልፍ የለውም።

መድረኩ እንዲህ ነው። ሐይቁ ዳር፣ መሬት ላይ፣ አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ተመልካቹ ዙሪያዋን ይቀመጣል፤ ውሃው እኛ ነን። ከበርጩማዋ ሁለት እርምጃ በላይ መራቅ አትችልም፤ ከራቀች ትሰጥማለች። ቡና እያፈላች ትናገራለች። በአቦል ስለ በደሏ ታወራለች፤ እኛም እናዝንላታለን። በቶና ስለ ልዕልቲቱ ታወራለች፤ አብረዋት ስለሰጠሙት ሕፃናት፣ ስለ አጃቢዎቹ፣ ልብስ ስለምታጥበው ገረድ፤ እዚህ ላይ እኛ ጭንቅ ውስጥ እንገባለን፤ ፍርዱ ለማን ነበር? በረካ ላይ የምትለውን ገና እየታገልኩት ነው። የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ይቅር ትላለች፤ ቀደድኩት፣ ውሸት ነበር። በሁለተኛው ትረግማለች፤ እሱም አልጣመኝም። በሦስተኛው ከታዳሚው አንዷን በስሟ ጠርታ ስኒ ትሰጣታለች፣ «አንቺስ?» ትላታለች። ይኸኛው ይሻላል፤ የተጠራችው ሴት ምን ብላ እንደምትመልስ ግን አላውቅም፣ በየቀኑ ይለያያልና። በረከት በላይነህ ያስተማረኝ ይኸንን ነው፣ ሁለተኛውን ገጸ ባሕርይ አትጻፈው፣ ቲኬት ገዝቶ ይመጣልሃል።

ስለዚህ ተዋናይት እየፈለግሁ ነው። ከደሴም ትምጣ፣ ከውጫሌም፣ ከኩታበርም፤ ድምፅ ይኑራት፣ ዝም ማለትም ትወቅ። አምባሰልን ያለ ክራር ማንጎራጎር ብትችል ደግሞ እሰየው። የቃል ጥናቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ግቢ ውስጥ ነው፤ ቡናውን የምታፈላው አክስቴ ናት፣ ማስተካከያ መስጠትም አታቆምም፣ ከአሁኑ ተዘጋጁ። ደመወዝ የለም። ምሳ ግን የተጠበሰ ቆሮሶ ነው።